ማጥበቅን ተምረናል፤ መፍታትንስ?

በሜካኒካል ምሕንድስና ክፍሎቻችን በብዛት የሚጠቀሰው የሺግሊ የማሽን ዲዛይን መጽሐፍ ስለ ብሎንና ዳዶ የሚያትተውን ምዕራፍ «ዘላቂ ያልሆኑ» ከሚላቸው መጋጠሚያዎች ተራ ይመድበዋል። የተበየደ ነገር ዘላቂ ነው፤ በብሎን የታሰረ ግን በተፈለገ ጊዜ ይፈታል። በቅድመ ምረቃ ዘመኔ ይህን ክፍፍል ያለ ጥያቄ ተቀብዬ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ጥያቄው የመጣብኝ ዘግይቶ፣ በሱሉልታ የጎጃም መንገድ ዳር ካለ አንድ ጋራዥ ደጃፍ ላይ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪ ጥናቴ ስለ አነስተኛ የጥገና ቤቶች መረጃ ልሰበስብ በሄድሁበት ዕለት፣ አንድ አይሱዙ የጭነት መኪና የማርሚታው ማሰሪያ ከሆኑት አራት ብሎኖች ሦስቱ ተፈትተው በአራተኛው ምክንያት ከጠዋት እስከ ቀትር ቆሞ ዋለ። ጓርኒሲዮኑን ለመቀየር የሚያስፈልገው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም ነበር። «ዘላቂ ያልሆነው» መጋጠሚያ ከብየዳ የባሰ ዘላቂ ሆኖ ተገኘ።

የጋራዡ ባለቤት፣ ዕድሜያቸው የገፋ መካኒክ፣ ትዕግሥቴ ማለቁን አይተው «አይ ኢንጂነር! እናንተ ብሎን ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ታሰላላችሁ፤ እኛ ስንት ሰዓት እንደሚይዘን እናሰላለን» አሉኝ። የተናገሩት በቀልድ ነው፤ እኔ ግን ቤቴ ገብቼ የአምስት ዓመት ማስታወሻዎቼን አገላበጥሁ። ብሎን በምን ያህል ኃይል እንደሚጠብቅ፣ ምን ያህል ሸክም እንደሚችል፣ በድካም እንዴት እንደሚበጠስ የሚያሳዩ ስሌቶች ገጽ በገጽ ሞልተዋል። ዝጎ የያዘ ወይም ጭንቅላቱ የተበላ ብሎን እንዴት እንደሚፈታ የሚናገር አንድ መስመር አላገኘሁም። በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ጉዳይም ይኸው ነው፤ ብሎን መፍታት የምሕንድስና ዕውቀት ነው፤ እንደ ማጥበቁ ሁሉ ሊለካ፣ ሊጠናና ሊታተም ይገባዋል። ይህ ባለመደረጉም የምንከፍለው ዋጋ በጠፋ ሰዓት ብቻ የሚቆጠር አይደለም።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ከሌሎች ሦስት ከተሞች ጋር ተጠቃልለው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል፤ እዚህ ላይ የምፈልጋቸው ግን ስለ ተቀመጡበት መንገድ ነው። ሰበታ በጅማ፣ ቡራዩ በአምቦና በነቀምት፣ ሱሉልታ በጎጃም መውጫ ላይ ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ ወደ እነዚህ አቅጣጫዎች የሚወጣ የጭነት መኪና በሦስቱ በአንዱ ማለፉ የተለመደ ስለሆነ የመንገዱ ግራና ቀኝ በጋራዥ፣ በጎሚስታ፣ በብየዳ ቤትና በቶርኖ ቤት ተይዟል። ከተሞቹ ከባሕር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ፣ ሱሉልታም ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናቡ አይቋረጥም፤ የሱሉልታ ሜዳ ውሃ ይተኛበታል፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም የሌሊቱ ጤዛ በየማለዳው ብረቱን ያረጥበዋል። ቀን ይደርቃል፤ ሌሊት ይረጥባል። ለዝገት ከዚህ የተመቸ ዑደት ማሰብ ያስቸግራል።

ዝገት ብረትን ከመብላቱ ሌላ ቦታ ይይዛል። የብረት ዝገት እንደ ዓይነቱ ከተነሣበት ብረት ከሁለት እስከ ስድስት እጥፍ የሚደርስ ይዘት አለው። በብሎኑና በዳዶው ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ የሚለካው በሚሊሜትር መቶኛ ነው። እዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ የበቀለ ዝገት የሚሄድበት ስለሌለው ሁለቱን ጥርሶች እንደ ሽብልቅ ወጥሮ ይይዛል። የአልሙኒየም ቴስታታ ላይ የገባ የብረት ብሎን ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ሁለቱ ማዕድናት እርጥበት ሲያገናኛቸው እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሠሩና አልሙኒየሙ ወደ ነጭ ዱቄት ተለውጦ ክፍተቱን ይደፍነዋል።

በዚህ ላይ የሰበቃው ነገር አለ። ብሎን ስናጠብቅ ከምናሳርፈው የጥምዘዛ ኃይል 50 በመቶ ያህሉ ከጭንቅላቱ ሥር ባለው ሰበቃ፣ 40 በመቶ ያህሉ በጥርሶቹ መካከል ባለው ሰበቃ ይባክናል፤ ብሎኑን ወጥሮ ዕቃውን አጣብቆ ለመያዝ የሚውለው 10 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ይህ ግምታዊ መጠን በሁሉም የዲዛይን ኮርስ ይሰጣል። የሚሰጠው ግን ሁልጊዜ ከማጥበቅ አንጻር ነው። ከመፍታት አንጻር ስናነበው ሌላ ነገር ይነግረናል፤ ሰበቃው ግማሹ ያለው ጭንቅላቱ ሥር ስለሆነ ዘይት የሚጨመረው ጥርሱ በሚታይበት ወገን ብቻ ከሆነ ገና ግማሹ ሥራ አልተነካም። በመንገድ ዳር ያየኋቸው ልምድ ያላቸው መካኒኮች አስቀድመው የጭንቅላቱን ዙሪያ በሽቦ ብሩሽ ፈትገው ያጸዳሉ፤ ከዚያ ጭንቅላቱን በመዶሻ ደጋግመው ይመታሉ። ዝገት ተሰባሪ ነው፤ ምቱ ይሰነጥቀዋል፤ በስንጥቁም ቀጭን ዘይት ይገባል። ወዲያው ለመፍታት አይታገሉም፤ መጀመሪያ በጥቂቱ ያጠብቁታል፣ ከዚያ ይመልሱታል፣ እንደገና ያጠብቁታል። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ብጠይቅ «እንዲለምደው ነው» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። በእኛ ቋንቋ ብንለው ዝገቱን በመላልስ ፈጭቶ ማስለቀቅ ነው።

ያልለመደ ረዳት ግን የሚያደርገው ሌላ ነው፤ መፍቻው ላይ ቱቦ ይሰካል። በ25 ሳንቲሜትር መፍቻ ላይ 30 ኪሎ ያህል ክብደቱን ቢያሳርፍ ብሎኑ ላይ የሚያርፈው 75 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። አንድ ሜትር ቱቦ ሲጨመርበት 300 ኒውተን ሜትር ይሆናል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ቁጥር ያለው የ10 ሚሊሜትር ብሎን በደረቁ የሚጠብቀው በ50 ኒውተን ሜትር አካባቢ ስለሆነ ቱቦው የሚያመጣው ስድስት እጥፉን ነው። ዝገቱ ካልለቀቀ የሚለቀው የብሎኑ አንገት መሆኑ የታወቀ ነው።

አንገት ከሚቆርጡ ስሕተቶች ሁሉ የሚያሳዝነው ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ማዞር ነው። የጃፓኑን የቆየ የጎማ ማሰሪያ ሥርዓት የሚከተሉ አይሱዙ የጭነት መኪናዎች በግራ ወገን ያሉ ጎማዎቻቸው የሚታሰሩት በግራ ጥርስ ብሎን ነው፤ ጎማው ወደ ፊት ሲሽከረከር ዳዶውን እንዳያላላው የታሰበ ነበር። በዛሬው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ግን በሁለቱም ወገን ቀኝ ጥርስ ነው። አንድ ጎሚስታ በአንድ ቀን ሁለቱንም ዓይነት ያስተናግዳል። ምልክቱ የብሎኑ አፍ ላይ ተጽፏል፤ ግራው «ኤል»፣ ቀኙ «አር» የሚል የላቲን ፊደል አለው፤ ፊደሉ ግን በጭቃና በዝገት ተሸፍኖ አይታይም። እናም ረዳቱ ቱቦ ሰክቶ በሙሉ ኃይሉ የሚያጠብቅበት ጊዜ አለ። የሚገርመው እዚያው ግቢ ውስጥ ያለው በያጅ ይህን ጉዳይ ጠንቅቆ ማወቁ ነው፤ የአሴቲሊኑ ማያያዣ ግራ ጥርስ፣ የኦክሲጅኑ ቀኝ ጥርስ የተደረገው ሁለቱ እንዳይምታቱ ነውና። ዕውቀቱ ግቢው ውስጥ አለ፤ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው ግን አልተሻገረም።

የጭንቅላት መበላት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካዊው ሄንሪ ፊሊፕስ ስም የሚጠራው ባለ መስቀል ጭንቅላት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ነው፤ ጀነራል ሞተርስ በ1936 በካዲላክ መኪናዎቹ ላይ ሲጠቀምበት የፈለገው በመገጣጠሚያው መሥመር ላይ መፍቻው በራሱ መሐሉን እንዲያገኝና ሥራው እንዲፈጥን ነበር። የመስቀሉ ግድግዳዎች ዘንበል ያሉ በመሆናቸው ግን ኃይሉ ሲጨምር ካቻቪቴውን ወደ ላይ ይገፉታል። የተሠራው ፋብሪካ ውስጥ ፈጥኖ ለማጥበቅ ነው፤ ከ20 ዓመት በኋላ ዝጎ ይፈታል ብሎ ያሰበለት አልነበረም። የጃፓን መኪናና ሞተር ሳይክል ላይ ያለው መስቀል ደግሞ በዓይን ተመሳሳይ ይምሰል እንጂ በጃፓን መለኪያ የተሠራ ሌላ ቅርጽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ አንዲት ትንሽ ነጥብ ትኖረዋለች። የፊሊፕስ ካቻቪቴ እዚያ ሲገባ እስከ ታች አይደርስም፤ ይንሸራተትና ይበላዋል። በጎዳናዎቻችን ላይ ከሚታዩት መኪናዎች ስንቱ የጃፓን እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም። እኔ ራሴ ስለዚህ ልዩነት የሰማሁት ሁለተኛ ዲግሪ ከጀመርሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከመምህር አይደለም።

ጭንቅላቱ ለተበላ ብሎን መላው ብዙ ነው፤ ለቫልቭ መሞረጃ የሚያገለግለውን ሻካራ ለጥፍ ካቻቪቴው ጫፍ ላይ መቀባት፣ በሴጌቶ አዲስ ስንጥቅ መቁረጥ፣ ወጣ ያለ ከሆነ በግሪፕ ነክሶ መያዝ። እነዚህን አልዘረዝርም፤ ማንም መካኒክ ከእኔ በተሻለ ያሳያል። አንባቢን ላቆየው የምፈልገው እሳቱ ላይ ነው።

ብሎን በሌላ መንገድ አልፈታ ሲል የመጨረሻው ዳኛ የአሴቲሊን እሳት ነው። ቀዳዳ ሲሞቅ ይጠብባል ብለው የሚያምኑ፣ ከተመረቁትም መካከል ጥቂት አይደሉም። በእርግጥ ግን ቀዳዳ እንደ ዙሪያው ብረት ይሰፋል። ብረት በእያንዳንዱ ዲግሪ በሚሊዮን 12 እጅ ገደማ ስለሚለጠጥ የ12 ሚሊሜትር ዳዶ ከብሎኑ በ200 ዲግሪ ቢበልጥ ቀዳዳው 0.03 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ይመስላል፤ ከጥርሶቹ ክፍተት ጋር ሲነጻጸር ግን በቂ ነው። ስለዚህ መሞቅ ያለበት ዳዶው ወይም በዙሪያው ያለው አካል ሲሆን ብሎኑ በተቻለ መጠን ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሙቀቱ ሲበርድ የሻማ ወይም የጧፍ ሰም ቢነካበት ቀልጦ ወደ ጥርሶቹ ይሳባል፤ ነጭ ጋዝ ከሚያደርገው የሚሻልበት ጊዜም አለ፣ በጋለ ብረት ላይ እንደ ቤንዚን ቦግ አይልምና።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ነጥብ ልምጣ። በተግባር የሚሆነው ብሎኑም ዳዶውም አብረው ቀይ እስኪሆኑ መጋል ነው። 8.8 እና 10.9 የሚል ቁጥር ያላቸው ብሎኖች ጥንካሬያቸውን ያገኙት በሙቀት ሕክምና ነው፤ ግለው በድንገት ከቀዘቀዙ በኋላ እንደገና በመጠኑ ይሞቃሉ። ዓለም አቀፉ መለኪያ ለዚህ ሁለተኛ ሙቀት ያስቀመጠው ዝቅተኛ ወሰን 425 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብረት በጥላ ውስጥ ቀይ ሆኖ በግልጽ ሲታይ ሙቀቱ ከዚያ በእጅጉ አልፏል። እንዲህ የጋለ ብሎን ሲቀዘቅዝ የቀድሞ ጥንካሬው የለም፤ ሐሰተኛ ሆኗል ማለት እችላለሁ፤ ጭንቅላቱ ላይ ያለው 8.8 ግን እንደ ነበረ አለ። የመጀመሪያው አኃዝ ብሎኑ ከመበጠሱ በፊት በእያንዳንዱ ስኩዌር ሚሊሜትር 800 ኒውተን ይችላል ማለት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከዚህ 80 በመቶ እስኪደርስ ቅርጹን አይለቅም ማለት ነው። እሳቱ ሁለቱንም ቃል አፍርሷል፤ ጽሑፉን አልፋቀም።

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ጋራዥ አንድ ልጅ የወጡትን ብሎኖች እየለቀመ በወተት ጣሳ ውስጥ ሲጨምር ተመልክቻለሁ። ከጣሳው አንዳንዶቹ በእጅ የተፈቱ ደህና ብሎኖች ነበሩ፤ ሌሎቹ ጥቂት ቀደም ብሎ ቀልተው የወጡ፣ ላያቸው በጥቁር ቅርፊት የተሸፈነ። በሽቦ ብሩሽ ሲፈተጉ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆኑ። ብሎን ውድ ነው፤ ያገለገለ ብረት የሚሸጥበት የመርካቶው ምናለሽ ተራ ያለው በከንቱ አይደለም፤ የሚጣል ነገር የለም። ቁጠባውን አልነቅፍም። ነገር ግን ከዚያ ጣሳ የሚወጣው ቀጣይ ብሎን የማርሚታ ማሰሪያ ይሁን ወይም የመሪ ክንድ ማሰሪያ ልጁም አለቃውም ሊያውቁ አይችሉም። እኔም ብሆን ሁለቱን ብሎኖች በዓይኔ ለይቼ መናገር አልችልም ነበር። ይህን መለየት የሚችለው የጥንካሬ መለኪያ መሣሪያ ያለው በየዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው።

በራሴ ላይ የደረሰውንም ልናገር። አንድ ጊዜ በቤተ ሙከራ መፈተኛ ማሽን የአልሙኒየም አካል ውስጥ የተቀነጠሰ የ6 ሚሊሜትር ብሎን ነበረብኝ። በካታሎግ እንደተመከረው መሐሉን በፑንታ በስቼ ጠመዝማዛ ማውጫውን አስገባሁና አዞርሁ፤ ማውጫው ራሱ ውስጡ ተሰበረ። ማውጫ የሚሠራው በጣም ከጠነከረ ብረት ስለሆነ ከዚያ ወዲያ ማንኛውም ፑንታ አይበሳውም። ከዚህም በላይ ሽብልቅ በመሆኑ ሲገባ የብሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ እየገፋ ይበልጥ ያጠብቀዋል፤ ይህን የተረዳሁት ከተሰበረ በኋላ ነው። የዳነው በሰበታ መንገድ ባለ አንድ በያጅ ነው። በተሰበረው ላይ ዳዶ አስቀምጦ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በየደው፤ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀ፤ በመፍቻ ሲያዞረው ወጣ። ብየዳው አዲስ ጭንቅላት ሰጠው፤ ሙቀቱ ዝገቱን ሰነጠቀው፤ የብረት ብየዳ ደግሞ ከአልሙኒየም ጋር ስለማይያያዝ አካሉ አልተነካም። ሦስት የምሕንድስና ሐሳቦች በአምስት ደቂቃ ውስጥ። የከፈልሁት ከማውጫው ዋጋ ያነሰ ነበር።

ይህን ሁሉ የምርምር ርእስ አድርጌ ሳቀርብ ያገኘሁት መልስ «ይህ የጋራዥ ጉዳይ ነው» የሚል ነበር። የተናገሩትን መምህር አከብራለሁ፤ ሐሳባቸውን ግን አልቀበልም። የጋራዥ ጉዳይ መሆኑ እኮ ነው ጥናት የሚያሻው። ከእነዚህ ጋራዦች የሚወጡት መኪናዎች በሕዝብ መንገድ ላይ ይሄዳሉ። ሌላው ተቃውሞ «መፍትሔው የማይዝግ ብሎን መጠቀም፣ ሲጠበቅም መከላከያ ቅባት መቀባት ነው» የሚለው ነው። ቅባቱ እውነት ነው፤ ርካሽም ነው፤ ነገር ግን ሰበቃውን ስለሚቀንስ በደረቅ ብሎን ልክ የወጣውን የማጥበቂያ መጠን መቀነስ ግድ ይሆናል፤ ይህን ሠንጠረዥ ለመካኒኩ በአማርኛም ሆነ በአፋን ኦሮሞ የሰጠው የለም። የማይዝገው ብሎን ደግሞ ዋጋው ሳይነሣ፣ ጥርሱ ከራሱ ዓይነት ዳዶ ጋር በሰበቃ ሞቆ እርስ በርሱ የመጣበቅ ጠባይ አለው። ከሁሉም በላይ እነዚህ መፍትሔዎች ነገ ለሚታሰረው ናቸው። ትናንት የታሰረው፣ ከውጭ አገልግሎ የመጣውም ጭምር፣ ዛሬ ደጃፉ ላይ ቆሟል።

«መካኒኮቹ ያውቁታል፤ ምን እንጨምርላቸዋለን?» ለሚለው መልሴ እንዲህ ነው። ማንኳኳቱን፣ መመላለሱን፣ ዳዶ መበየዱን ያውቃሉ፤ በዚህ ረገድ ተማሪዎቹ እኛ ነን። የትኛው ፈሳሽ በእርግጥ እንደሚሠራ ግን በእምነት እንጂ በልኬት አይታወቅም። አንዱ ነጭ ጋዝ፣ አንዱ ናፍጣ፣ አንዱ የፍሬን ዘይት፣ አንዱ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይምላል። የተቃጠለ ዘይት ወፍራም በመሆኑ ወደ ጠባቧ ክፍተት ለመሳብ የሚመች አይደለም፤ ለቆዳም ጠንቅ ነው፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ያነሣል። በሱቅ በቆርቆሮ የሚሸጠው ደብሊው ዲ 40 እንኳ እ.ኤ.አ. በ1953 ሲፈለሰፍ ዋና ዓላማው ውሃን ከብረት ላይ ማባረር ነበር። የቀለለ መካኒክም የከበደ መካኒክም የሚስማሙበት አንድ ነገር «ዘይት አድርገህበት ይደር» የሚለው ነው። ሆኖም ባለ መኪናው ቆሞ ይጠብቃል፤ የቆመ መኪና ገቢ የለውም፤ ስለዚህ ሳያድር ወደ እሳቱ ይኬዳል። አንድ ሰዓት ማቆየት ከአንድ ሌሊት ምን ያህል እንደሚያንስ የሚያሳይ ቁጥር ቢኖር የዚያ ውሳኔ መልክ ይለወጥ ነበር።

ይህን ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም። አንድ ዓይነት መጠንና ቁጥር ያላቸው ብሎኖችና ዳዶዎች በእኩል ኃይል ላሜራ ላይ ይታሰሩ፤ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ በሦስት ግቢዎች ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደጅ ይውጡ፤ ክረምቱን ይክረሙ። በጥቅምት በቡድን ተከፍለው አንዱ በነጭ ጋዝ፣ አንዱ በናፍጣ፣ አንዱ በሰምና በሙቀት፣ አንዱ ያለ ምንም፤ ገሚሱ ለአንድ ሰዓት፣ ገሚሱ ለአንድ ሌሊት ይቆይ። ከዚያ መጀመሪያ ንቅንቅ የሚልበት ኃይል በቶርክ መለኪያ መፍቻ ይነበብ። በእሳት የተፈቱት ደግሞ ወደ ቤተ ሙከራ ተመልሰው ጥንካሬያቸው ይመዘን፤ ቀይ ከሆነው ምን ያህሉ እንደጠፋ በቁጥር ይታወቅ። ለአንድ የማስተርስ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው፤ ክፍሌ ካልፈቀደልኝም ሌላ ክፍል ያለ ባልደረባ ቢወስደው ቅር አይለኝም።

ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ጥናት የማይጠብቅ አንድ ነገር አለ። በእሳት የቀላ ብሎን ከወጣ በኋላ ጭንቅላቱ ላይ ያለው ቁጥር በግራይንደር ይጥፋ። ለቡራዩው ልጅ ይህን ስነግረው አለቃውን ቀና ብሎ አየ፤ አለቃውም ትንሽ አስቦ «ቁጥሩ ከጠፋ ማን ይገዛዋል?» አለኝ።